ሕዋስ የሚለው ቃል

ፖሊሶች ሊወስዱን የመጡ ቀን እሷን በስሟ ጠሯት። እኔን "አንቺም ነይ" አሉኝ።

ቢሯችን ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ነበር። ሁለት ጠባብ ክፍሎች፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እኔ የሣልኩት የቦሌ ቡልቡላ ካርታ። ወንዙ በሰማያዊ፣ ቤቶቹ በጥቁር ነጥብ፣ ነጥቦቹ በቀይ ክብ ተከበው። ሰዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ያወረዱት ካርታውን ነው። አንደኛው እየጠቀለለ፣ "ይሄን ማን ሣለው?" አለ። እኔ አፌን ከፍቼ ድምፄ እስኪወጣ ድረስ እሷ "የእኛ ነው፣ የጥናቱ ነው" ብላ መለሰች።

"የእኛ" ማለቷን ልብ አልኩ። እንደዚያ ባለ ሰዓት ሰው ልብ የሚለው ሌላ ነገር መሆን ነበረበት።

እሷና እኔ አብረን ተመርቀን አብረን የተቀጠርን ባልደረቦች ነን። ጥናቱ የጤና ጥናት ነበር። ከወንዙ በላይ በኩል ያሉ ወርክሾፖችና አንድ ማቅለሚያ ቤት እጣቢያቸውን ወደ ውሃው ይለቃሉ። ከታች ያሉት ገበሬዎች በዚያው ውሃ ይታጠባሉ፣ ጎመን ያጠጣሉ፣ ጉድጓዳቸው ሲነጥፍም ይጠጡታል። የልጆቹ ቆዳ ይቆጣል፣ ሆዳቸው አይረጋም። እኛ ቤት ለቤት እየዞርን ማን እንደታመመ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ለመታከም ምን እንዳወጡ እንጠይቃለን።

ያ የመጨረሻው ጥያቄ አስቸግሮን ነበር። "ለሕክምና ምን ያህል አወጣችሁ?" ሲባሉ ሰዎቹ "ተመስገን፣ ይህን ያህልም አይደለ" ብለው ያልፉታል። ችግሩን ለእንግዳ መዘርዘር ማን ይወዳል? ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩት። "ለመታከም ምን ሸጣችሁ?" ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ በጉ መጣ፣ ባሕር ዛፉ መጣ፣ ለሠርግ የተሰፋው ጥልፍ ቀሚስ መጣ።

የመጣው ግን ለእሷ ነው። እኔ ስጠይቅ ሴቶቹ መሬት መሬት እያዩ ባጭሩ ይመልሱልኛል። እሷ ስትጠይቅ በርጩማ ይወጣል። በኦሮምኛ ሁለት ሦስት ቃል ጣል ታደርግና ቀድማ በራሷ አነጋገር ትስቃለች። ከዚያ ሴትዮዋ ወይፈኑ የተሸጠበትን ቀን ከነለቅሶው ታወራላታለች። ወረቀቱን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ እጽፋለሁ። ጥያቄው የእኔ፣ መልሱ የእሷ።

ያስገቡን ክፍል ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነበር፤ ወለሉ ላይ በረድፍ የተዘረጋ የሴት እግር። ቀጥሎ የበረኪና ሽታ መጣ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ወሬ ሁሉ ይቆማል፤ ካለፈ በኋላ ሁሉም ካቆመበት ቃል ይቀጥላል።

የመኝታ ቦታና የጽዳት ተራ የሚመድቡት፣ የክፍሉ ካቦ የሚባሉት፣ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ከወሎ መጥተው ሃያ ሁለት ሰፈር ጨርቅ ይነግዳሉ። ፖሊስ ወንድማቸውን ፈልጎ ሲያጣ እሳቸውን ይዟል። ሁሉም "እትዬ" ይላቸዋል።

"በምን ገባችሁ?" አሉ።

"በተቅማጥ፣ እትዬ" አለች እሷ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ተቅማጡስ እኛንም ይዞናል" አሉ እትዬ፣ "እኛ ግን ከገባን በኋላ ነው!"

በዚያችው ሰዓት "ዶክተሬ" ሆነች። ዶክተር አልነበረችም፤ እንደ እኔው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው ያላት። እትዬ ከግድግዳው ሥር፣ ከትንሿ መስኮት በታች ቦታ አስለቀቁላት። እኔን አዩኝ። "አንቺ ዝምተኛዋ ቀጭን ነሽ፤ ከባልዲው ጎን ትበቂያለሽ" አሉኝ። በክፋት አልነበረም። በእርግጥም በቃኝ።

ጠዋት ጠዋት በሩ ይከፈትና ለምርመራ ስሟ ይጠራል። ስትመለስ ሴቶቹ ይከቧታል፤ "ምን አሉሽ የኔ ዓለም? ነኩሽ?" ይላሉ። አንዷ ውሃ ታቀርባለች፣ አንዷ ትከሻዋን ታሻለች። እኔን የሚጠራኝ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ባለመጠራቱ ፈጣሪውን ያመሰግናል። እኔ የቁልፍ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን አስተካክላለሁ። የሷ ስም ይጠራና በሩ ይዘጋል። በዚያ ግቢ ውስጥ እኔን አደገኛ ብሎ የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከምርመራ ስትመለስ ግራ ገብቷት ነበር። "ሕዋስ፣ ሕዋስ ነው የሚሉት" አለች። "'የሕዋስ መሪዎቹ እነማን ናቸው? ስንት ሕዋስ አደራጅታችኋል?' ይሉኛል።"

ቃሉን አወቅኩት፤ ከቅጻችን ላይ ነው።

በጥናት ላይ ቤቱ ሲበዛ የተቀራረቡትን በክፋይ በክፋይ መድቦ ለእያንዳንዱ ክፋይ አንድ ተቆጣጣሪ መመደብ የተለመደ አሠራር ነው። የአሠራሩ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፣ ክፋዩን "ክላስተር" ይለዋል፤ ቅጹ ግን ገበሬውም የቀበሌው ሰውም የሚያየው ስለሆነ በአማርኛ መሆን ነበረበት። ቃሉን የመምረጡ ሥራ የእኔ ነበር። "ስብስብ" አልኩና ሰረዝኩት፤ ስብሰባ ይመስላል፣ ስብሰባ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። "ቡድን" አልኩና ሰረዝኩት፤ ሬዲዮ ላይ ቡድን የሚባሉት ሰዎች መጨረሻቸው አያምርም። አስቤ አስቤ "ሕዋስ" አልኩ። ለእኔ ሕዋስ ማለት በትምህርት ቤት በማይክሮስኮፕ ያየሁት የሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ እንደ ግንብ ጡብ የተደረደሩ፣ ጸጥ ያሉ ትንንሽ ክፍሎች። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ቃል ከየት ይመጣል? በቀዮቹ ክቦች ላይ "ሕዋስ ሀ"፣ "ሕዋስ ለ" እያልኩ ጻፍኩ። ከሥራቸውም "የሕዋስ መሪ" ብዬ የተቆጣጣሪዎቹን ስም አሰፈርኩ።

እትዬ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "ሕዋስ? ሕዋስማ የፓርቲ ነው! በዚያኛው መንግሥት በዚህች ቃል ስንቱ ልጅ ወጥቶ ቀረ! እነዚህም ጫካ ሳሉ በሕዋስ ነው የተደራጁት። ደግሞ መሪ! ማነው ጉደኛው ይህን የጻፈ?"

እሷ ወደ እኔ አየች። በጣም አጭር እይታ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች። "ለእነሱም እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ።"

ሴቶቹ "አይ ዶክተሬ!" እያሉ ሳቁ፤ አንዷ እንባዋን ጠረገች። እኔ ከባልዲው ጎን ተቀመጥኩ። ላመሰግናት ይገባ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ስሜት ግን ምስጋና አልነበረም። ካርታዬ "የእኛ" ሆነ፤ ጥያቄዬ በእሷ አፍ አማረ፤ አሁን ደግሞ ስህተቴንም ወሰደችው።

በኋላ ቀስ ብዬ "ለምን እንዲህ አልሽ?" አልኳት።

"አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ ትሰበሪያለሽ ብዬ ነዋ። እኔ እቀባጥራለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሲሰለቻቸው ይተዉኛል።"

"አልሰበርም።"

"እሺ የኔ እናት፣ አትሰበሪም" አለችና የነጠላዬን ጫፍ እንደ ሕፃን ልጅ አስተካከለችልኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በሩ ተከፈተ። ስሟ አልተጠራም። ተረኛው ፖሊስ በጣቱ አመለከተኝና "አንቺም ነይ" አለ።

መርማሪው ቀጭን ሰው ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ሳል ይዞታል። ካርታዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እንዳይጠቀለል በአንድ በኩል የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው በኩል ድንጋይ ተጭኖበታል። ብርጭቆው ወንዙ ላይ ክብ የሻይ ምልክት ትቶበታል። ከሁሉም ይልቅ ያ አናደደኝ።

"ጓደኛሽ ሁሉንም ነግራናለች" አለ። "አንቺ የታዘዝሽውን የምትጽፊ ነሽ። ይህን ፈርሚና ወደ ቤትሽ ሂጂ። እናትሽ በር ላይ ናቸው።"

በመስኮቱ አየሁ። እናቴ ከዘበኛው ማረፊያ አጠገብ ምሳ ዕቃዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆማለች። ፀሐይ መትቷታል። ጥላ ሥር ሂጂ የሚላት እንኳ የለም።

ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ሁዋስ የሚለውን ቃል የመረጠችው ጓደኛዬ ናት" ይላል። ከፈረምኩ እናቴን ይዤ በታክሲ እሄዳለሁ። እሷ ደግሞ፣ ራሷ በሰጠችው ቃል ላይ የባልደረባዋ ምስክርነት ሲጨመርባት፣ ወዴት እንደምትላክ አላውቅም።

"ስህተት አለው" አልኩ።

"የምን ስህተት?"

"ሕዋስ በ'ሁ' አይጻፍም።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከገባሁ ጀምሮ እኔን ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል። እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "አርሚያ፣ የተማርሽ አይደለሽ?"

"ሁዋስ"ን ሰርዤ ከላዩ "ሕዋስ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ "የመረጠችው ጓደኛዬ ናት" የሚለውንም ሰረዝኩና "የመረጥኩት እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ደህና ወጣ። ፈረምኩበት።

"ምን አደረግሽ?"

"አረምኩት።"

"ለእሷ ብለሽ ነው?"

"አይደለም። ቃሉ የእኔ ስለሆነ ነው። ካርታውንም የሣልኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዎቹንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።" በማላውቀው ወንድ ፊት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ስለ ሽንኩርቱ ልጣጭ ነገርኩት። ነጥቦቹ ቤቶች፣ ክቦቹ ተቆጣጣሪው በእግሩ ሊያዳርሳቸው የሚችላቸው ጎረቤቶች መሆናቸውን ነገርኩት።

"ታዲያ ስብስብ ብትዪው ምን ነበረበት?"

"ስብስብ ፖለቲካ ይመስላል ብዬ ፈራሁ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጣሪያውን አየ። ሳሉ መጣ፤ በሳሉ መካከል የሳቀ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። "ፖለቲካ ፈርተሽ ሕዋስ አልሽ።"

"አዎ።"

"ወደ ክፍሏ መልሳት" አለው ፖሊሱን።

ስመለስ እናቴ አሁንም ቆማ ነበር። ቀና ብዬ እንዳላያት መሬት መሬት እያየሁ ግቢውን አቋረጥኩ።

የወጣችው እሷ ናት። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ "ዕቃሽን ይዘሽ ነይ" ተባለች። ሴቶቹ እያለቀሱ ተራ በተራ አቀፏት። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች።

"ምን አልሻቸው?"

"እውነቱን።"

"ልትወጪ ነበር እኮ! አንቺ እብድ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ክፍሉ በሙሉ አብሯት አለቀሰ፤ ለእሷ። በሩ ከተዘጋ በኋላ እትዬ ወደ መስኮቱ አመለከቱና "ነይ ዝምተኛዋ፣ የዶክተሬ ቦታ ላንቺ ይሁን" አሉኝ። ቦታው እንኳ በእሷ ስም ነበር።

በመስኮቱ ሥር ከእትዬ ጎን ሆንኩ። እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ብዙ ጊዜ በጎናቸው ይተኛሉ። ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅኩ የማውቀውን ጠየቅኳቸው። "እትዬ፣ ለመታከም ምን ሸጠው ያውቃሉ?"

አውሮፕላን አለፈ። ቆርቆሮው ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

"የእናቴን የእግር አልቦ" አሉ። "የብር ነበር። ለመጀመሪያ ልጄ። ውሃው ነው አሉኝ ሐኪሞቹ፣ እኔ ግን የሰው ዓይን ነው ብዬ ዘግይቼ ነበር የወሰድኩት።"

"ዳነ?"

"አልዳነም። አልቦውን ግን አሁን ድረስ ሳየው አውቀዋለሁ፤ አንዲት ሴትዮ ታስረዋለች።"

የምጽፍበት ወረቀት አልነበረኝም። ያ መልስ ግን ለእኔ ነው የተነገረው።

ከዚያ በኋላ አዲስ የገባች ልጅ "አንቺስ በምን ገባሽ?" ስትለኝ "በሽንኩርት ልጣጭ" አልኩ። ነገሩን የሚያውቁት ሁሉ ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ ምን ያህል እንደሚያሞቅ እሷ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ፈቱኝ። ካርታው አልተመለሰም። ጥናቱ ግን ቀጥሏል፤ ቅጹ ላይ አሁን በፊደላችን "ክላስተር" ተብሎ ይጻፋል፤ ገበሬው ባይገባውም የሚፈራው የለም። የቡልቡላ ወንዝ ከሰዓት በኋላ አሁንም ቀለሙ ይለወጣል።

እሷ የጥናቱ አስተባባሪ ሆናለች። አዳዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች ሲመጡ ሃያ ሁለት ካፌ ትወስዳቸውና ታሪኩን ትነግራቸዋለች። የእኔን ጀግንነት ነው የምትነግራቸው፤ ፊደል ማረሜን፣ የመርማሪውን ሳል፣ በር ላይ የቆመችውን እናቴን። በጣም ታምርበታለች። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው እሷን ያያሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ወደ እኔ ዞር ይልና "እውነት ነው እንዴ?" ይላል። "አዎ" እላለሁ፣ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ።

አንድ ቦታ ብቻ ትስታለች። እየሳቀች እጄን ትይዝና "ለእኔ ብላ እኮ ነው" ትላቸዋለች።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ አርሜያት አላውቅም። እዚህ ወረቀት ላይ አረምኩት።