ጋሽ ይርጉ «ልውረድ» ሲሉ

ጋሽ ይርጉን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አላደርገውም፤ አንቱታ የሚገባው ሰው አለ። ይርጉ እዚህ ስደት አገር፣ ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ የሚኖር፣ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ የቫን ሾፌር ነው። ወጣት ሳለ ትሑት ነበር ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። እኔ የደረስኩት የእድራችን ሊቀ መንበር ከሆነ በኋላ ነው። ያኔ «ጊዜያዊ» ተብሎ ነበር የተመረጠው። ጊዜያዊ! ወይ ጊዜያዊ!

ሲነዳ ውሎ ሲያመሽ በስልኩ የሮማውያንን ታሪክ ያዳምጣል፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ መጥቶ እኛ ላይ ያራግፈዋል። የሚወደው የአንድ ገበሬ ታሪክ ነው። አገር ሲጨንቃት ከእርሻው ተጠራ፣ ሥልጣን ተሰጠው፣ ጠላት አሸነፈ፣ ወዲያው ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ እርሻው ተመለሰ። «ሶ፣ ሥልጣን እንዲህ ነው የሚያዘው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። «እኛ ጋ ግን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ነው ተረቱ።» ከዚያ በየዓመቱ ጉባኤ ላይ ይነሣና «ደክሞኛል፣ ልውረድ» ይላል።

እኛስ? እንግዳ «ልሂድ» ሲል ዝም ብለን የምንሸኝ ሰዎች ነን እንዴ! «ኧረ በሞትኩት! ኧረ አይደረግም!» ብለን ያዙኝ ልቀቁኝ እንላለን። ከሁሉ ቀድማ የምትነሣው የኔነሽ ናት። ሾርላይን በምትባል ከተማ አሮጊቶች የምትንከባከብ፣ ድምፀ ትልቅ፣ ልበ የዋህ ሴት ናት። እሷ ከጮኸች አዳራሹ በሙሉ ይከተላታል።

አንድ ቀን ይርጉ በቫኑ ራይድ ሰጠኝ። ቤቴ ደጃፍ ፓርክ አድርጎ፣ «ተናኘ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለኝ። «ከገበሬው አውግስጦስ ቄሣር ይበልጣል። ሥልጣኔን ልመልስ አላቸው፤ ሹማምንቱ ለመኑት፤ እስኪሞት ገዛ። ሰው ለምኖ ያስቀመጠውን አያወርድም፤ ያፍራላ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። በሩን በርግጄበት ወረድኩ።

የዚያን ዓመት ጉባኤ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የየኔነሽ እናት አዲስ አበባ አረፉ። መርዶ በስልክ አይነገርምና ወንድሟ የደወለው ለይርጉ ነው፤ ሽማግሌ ይዞ በማለዳ ቤቷ ሄዶ እንዲያረዳት። ይርጉ የኮሚቴ አባላቱን በስልክ ኮል አደረገን። እኔም አንዷ ነበርኩ።

«ነገ ጠዋት እንሂድ» አልኩ።

«ከጉባኤው በኋላ» አለ። «አሁን ከተነገራት ስብሰባው ይበተናል።»

ውሸታም! ለቅሶ የተቀመጠች ሴት ተነሥታ «አይወርዱም» ስለማትልለት ነው። ሌሎቹ ኮሚቴዎች «እሳቸው ካሉ» ብለው ስልኩን ዘጉ። እኔም ብቻዬን መርዶ ይዤ ሰው ቤት እንዴት እሄዳለሁ?

በዚያ መሐል የኔነሽ እናቷ ጋ ስትደውል «ተኝተዋል» ይሏታል። አንድ ቀን የሱፍ ካልሲ ይዛ መጣች። «እማዬ እግሯን ይበርዳታል። ይሄ ይሞቃል፣ ተናኘ?» አለችኝ። ይሞቃል አልኳት።

ጉባኤው ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ይርጉ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ደክሞኛል፣ ልውረድ» አለ። የኔነሽ ብድግ አለች፤ እጇን ዘርግታ ጮኸች፦

«እናቴ ትሙት አይወርዱም!»

ኮሚቴዎቹ ወለሉን አዩ። ይርጉን አየሁት። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«እሺ» አለ። «ለእናትሽ ስል እቀጥላለሁ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ወዲያ መታገሥ አልቻልኩም። «እናትሽ ሞታለች፣ የኔነሽ! ይሄ ሰውዬ ነው የደበቀሽ!» ብዬ ጮህኩ።

የኔነሽ ወንበሩን ይዛ ወደቀች። ጩኸቷን ዛሬም እሰማዋለሁ። አሁን ሰዉ ይርጉ ላይ ይነሣል ብዬ ስጠብቅ፣ ጉድ በሉ፣ ሁሉም እኔ ላይ ዞረ። «አረመኔ! መርዶ እንዲህ ይነገራል?» አሉኝ፤ ሁሉን ያውቁ የነበሩት ኮሚቴዎች ሳይቀሩ። ይርጉ ደግሞ ሮጦ አቀፋት። «እንደ ወጉ ነገ ማልጄ ልነግርሽ ነበር፣ ልጄ» እያለ አለቀሰ። እንባው ደግሞ ሲፈልግ ይመጣለታል፣ ደረቅ!

ለቅሶውን እሱ መራ። ድንኳኑን እሱ አስተከለ፣ ከበሩ ቆሞ ሰው ተቀበለ። እኔ ስገባ ዘመዶቿ ፊታቸውን አዞሩ። ሟቿ መቼ እንደሞቱ ኋላ ሁሉም ሰማ። «ሰውየው ሊያረጋጋት ፈልጎ ነው» ተባለና አለፈ።

ዘንድሮም ይርጉ «ልውረድ» አለ። ቀድማ የተነሣችው የኔነሽ ናት። እናት የላት፣ በምን ትማል? «አባቴ፣ እርስዎም ከተዉኝ ማን አለኝ?» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ለእኔ ሰላምታ እንኳ የላትም።