መንገድ ላይ የቆመ የቤት ሥራ

ሸረፋ ከወልቂጤ ቡታጅራ ሚኒባስ ሲነዳ ሃያ ዓመት ሞላው። አንዲት የቡታጅራ መንገድ ግን አለች፤ ተሳፋሪ ቢያስቸኩለው፣ ቢሰድበውም፣ ዞሮ ይሄዳል እንጂ በእሷ አያልፍም። ምክንያቱ የቤት ሥራ ነው። አዎ፣ የስምንተኛ ክፍል የቤት ሥራ!

እዚያ መንገድ ላይ የሂሳብ አስተማሪው ቲቸር መንበረ ይኖራሉ። ያኔ ክፍል ውስጥ ሲያወራ ያዙትና «510,510ን፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ምንም በማይከፍላቸው ቁጥሮች ሰባብረህ አምጣ» አሉት። በማግስቱ አጎቱ ለንግድ መርካቶ ወሰደው፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። መልሱን ያገኘው መርካቶ፣ ካርቶን ላይ እየሞነጫጨረ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት። የተዘለለ የለ፣ የተደገመ የለ! ሰባቱን ሲያባዛቸው 510,510 ቁልጭ ብሎ ወጣ። ግን ለማን ይንገረው? አገሩ ሲመለስም አፈረ። ቅጣቱን ጥሎ የሸሸ ልጅ ነዋ።

ዘንድሮ ታዲያ የሚኒባሱ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ወደ 510,510 ተጠጋ። ቁጥሩ የሚቆየው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሸረፋ ሳምንት ሙሉ አሰላ፤ ልክ ቲቸር መንበረ በር ላይ እንዲወጣ አደረገው። «ባዶ እጄንማ አልሄድም» አለ።

ቀኑ ደረሰ። ቡታጅራ መግቢያ ላይ ዘይባ የምትባል ተሳፋሪ «ይሄን ሁሉ ቆጮ ተሸክሜ ልሙት? እህቴ ቤት አድርስልኝና አብረን ከተማ እንገባለን» አለችው። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይበል? አድርሶላት ወደ አስፋልቱ ሲመለስ 510,510 ከች አለ። የቲቸር ቤት ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።

«ወይኔ ጉዴ!» ብሎ ፍሬን ያዘ። ተሳፋሪው ተንጫጫ። እውነቱን ሲነግራቸው ዘይባ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ጥራቸዋ! ወላሂ፣ መኪናዋን ማንም አይነካት» ብላ የሹፌሩ ወንበር ላይ ጉብ አለች።

ሸረፋ በባጃጅ ሄደ፤ ያውም ባዶ እጁን። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ቲቸር መንበረ ናቸው።

«ቲቸር፣ ሸረፋ ነኝ። የቤት ሥራዬን... መንገድ ላይ ቆሟል» አለ።

መነጽራቸውን አደረጉና ምንም ሳይጠይቁ ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ሚኒባሱ ጋ ሲደርሱ ዘይባ ወንበሩን አልለቀቀችም፤ ቁጥሩን በመስኮት አሳየቻቸው። ቲቸር አጎንብሰው አነበቡት።

«በል ሰባብረው።»

ሸረፋ ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ ወረደው። ተሳፋሪው ምኑም ሳይገባው አጨበጨበ።

«ይቅር ይበሉኝ ቲቸር፤ ቅጣቴን ሳልጨርስ ነው የጠፋሁት።»

«የምን ቅጣት?» አሉ። «ወሬኛንማ ሰሌዳ አስጠርግ ነበር። ይሄን ቁጥር በዓመት ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር የምሰጠው፤ ከክፍሉ ለበለጠው።»

ሸረፋ ዘይባን ከወንበሩ ወደ ጋቢናው መሃል አስጠጋት። ቲቸርን ከጎኗ አስቀመጣቸውና ያቺን መንገድ ሃያ ዓመት ከዞራት በኋላ በመኪናው ገባባት። ቁጥሩ ተለወጠ ብላ የነገረችው ዘይባ ናት። እሱማ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አላየውም።