ካዲላክና ሊንከን በሰርጌ ጠዋት

ሁለት አጎቶች አሉኝ። የአባቴ ወንድም አሮጌ ካዲላክ አላቸው፤ የእናቴ ወንድም ደግሞ አሮጌ ሊንከን። አንቱ የምላቸው ዕድሜያቸውን አክብሬ እንጂ ሥራቸውስ አንቱ የሚያሰኝ አይደለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሀብታም ጎረቤቱን የሚያስቀናው በእነዚህ መኪኖች ነበር። አንዱ ፋብሪካ ከኋላ ክንፍ ሲያወጣ ሌላው መኪናውን ያስረዝማል፤ አንዱ የሚያብለጨልጭ ክሮም ሲለጥፍ ሌላው እጥፉን ይለጥፋል። ክንፍ! ለማይበር ነገር ክንፍ! ያኔ አጎቶቼ ገና ዳዴ ይሉ ነበር። ዛሬ ግን በየበዓሉ እኛ ቤት ተቀምጠው "የእናንተ"፣ "የእኛ" እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ፤ የፋብሪካው ባለቤት ይመስላሉ እኮ!

አባቴ በሕይወት የለም። እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ በዊልቼር ነው የምትሄደው። ለሰርጌ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ ቤተ ክርስቲያን ስገባ አጠገቤ መሆን። የአጎቶቼ ጭንቀት ግን ሙሽራዋን ማን ይጭናል የሚል ነበር።

የሰርጌ ቀን ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ አፓርታማችን በር ላይ ሁለቱም ፓርክ አድርገው ጭቅጭቁን ጀመሩ። ሽማግሌ ገብቶ እኔ በካዲላኩ እንድሄድ ተወሰነ። የሊንከኑ ጌታ አኩርፈው "እንግዲያው አጀቡን እኔ እመራለሁ" አሉ። የካዲላኩ ጌታ የእናቴን ዊልቼር ገና ሲያዩት "የመኪናዬን ቀለም እንዳይፍቀው!" ብለው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ጥሩምባው ቀለጠ፤ ሁለቱ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ እየተሽቀዳደሙ ፓርክ ሂል ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረስን።

ስወርድ እናቴ የለችም።

"እህትህ አይደሉም እንዴ? ካንተ ጋር ናቸው ብዬ ነዋ!" አሉ የካዲላኩ።

"እናት ከሙሽራዋ ጋር ነው የምትሆነው! ይሄም ይጠፋሃል?" አሉ የሊንከኑ።

ሌላው አጃቢ ሁሉ የሙሽራ እናት ከሁለቱ የክብር መኪኖች በአንዱ ናት ብሎ አልፏታል። በቶዮታው ሊጭናት የደፈረ የለም። አሁንም ማን ሄዶ ያምጣት በሚለው እየተጨቃጨቁ ሳለ የኮልፋክስ ባስ ማዶ ቆመ። መወጣጫው ዝቅ አለና እናቴ በሀበሻ ቀሚሷ፣ ጎማውን በገዛ እጇ እየገፋች ወረደች።

ሁለቱ ጀግኖች እኔ ልግፋ፣ እኔ ልግፋ እያሉ ሮጡ። አያፍሩም! እናቴ ፍሬኑን ያዘችና "ማንም እንዳይነካኝ" አለች። እኔን ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺስ በየትኛው መጣሽ?"

"በካዲላኩ።"

"ስትሄዱ እጄን አውለበለብኩልሽ እኮ።"

ያኔ በመስኮቱ በኩል ፎቶ አንሺውን ነበር የማየው። ይህን ልነግራት አፈርኩ።