ሦስት በቀን፣ ከምግብ በኋላ

የጠባቂውን ጥርስ የሰበርኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቡጢ ማፈር ነበረብኝ፤ ግን ከሱ የባሰ የማፍርበት ነገር ስላለኝ ተራ አልደረሰውም።

በደርግ ዘመን ከአምቦ በመለስ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ መድኃኒት አድላለሁ። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ከተማ አስተማሪ ነበር። አንድ ሰኞ ከክፍል አውጥተው ቀበሌ አስገቡት። እጅና እግሩን አንድ ላይ አስረው እንጨት ላይ ሰቀሉት፤ ውስጥ እግሩንም ገረፉት።

በሦስተኛው ቀን ምሳውን ይዤ ስሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። በቂጡ እየተንፏቀቀ ነበር የመጣው። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ከባቱ አይለይም፤ ትከሻውን ማንሳት አቅቶት ክንዱ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉህ?»

«ታገስ፣ ኦብሲ» አለኝ። አንዱን ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም ሲደጋግመው በጣም አሞታል ማለት ነው።

በሩ ላይ የቆመውን ጠባቂ አየሁት። አብዮት ጠባቂ ከመሆኑ በፊት ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከም የነበረ ግዙፍ ሰው ነው። ወንድሜን ሲሰቅሉት ገመዱን የሳበው እሱ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ጠላሁት። ጥርሴን ነክሼ ምሳ ዕቃውን አቀበልኩት።

መጀመሪያ አስፕሪን ከእንጀራው ስር ደብቄ አስገባሁለት። አልበቃውም። ከዚያ ለቁርጥማት ሕመምተኞች የምንሰጠውን ኢንዶሜታሲን፣ እብጠትና ሕመም የሚያስታግሰውን ካፕሱል፣ በወረቀት ጠቅልዬ ላክሁለት። ወረቀቱ ላይ እጄ የለመደውን ጻፍኩ፦ «ሦስት በቀን፣ ከምግብ በኋላ።» አስፕሪኑን ተው ብዬ አልጻፍኩም። ቸኩዬ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ጠባቂ እየሮጠ ክሊኒካችን ገባ። ሸሚዙ ከደረቱ እስከ ሆዱ በደም ርሷል። ማንን እንደገደለ አልጠየቅሁትም። አፉ ላይ በቡጢ መታሁት። መርፌ የምንቀቅልበትን የብረት ሳህን አንስቼ ደገምኩት። የፈላው ውኃ ክንዴን አቃጠለኝ፤ እሱንም አንገቱን። እጁን አላነሳብኝም። ተንበርክኮ ጥርሱን መሬት ላይ ተፋና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጨረስክ? ደሙ የወንድምህ ነው። አስመልሶት ተሸክሜው ነው። ዛሬ ማንም አልነካውም። ይልቅ ቃሬዛ አምጣ!»

ቃሬዛ ይዘን ቀበሌ ስንደርስ ወንድሜ ግድግዳ ስር ተጋድሞ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ያስመልስ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆሞ «ያለ ፈቃድ አይወጣም» ሲል፣ ጠባቂው ከአፉ ደም እየተንጠባጠበ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ሊቀመንበሩ ከበሩ ዞር አለ። አስፋልቱ ላይ ቆመን ወደ አምቦ የሚወርድ የጭነት መኪና አስቆምን። መንገዱን ሙሉ የወንድሜን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ ጠባቂውን እሰድበው ነበር። እሱ ቃሬዛው እንዳይንሸራተት በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

አምቦ ሆስፒታል ሐኪሙ ምን እንደደረሰበት ጠየቀ።

«ሆዱን ረግጠውታል» አልኩ። ጠባቂው አጠገቤ ነበር፤ እንዲሰማ ጮኼ ነው የተናገርኩት።

ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። «ሆዴን የነካኝ የለም። የወንድሜን ክኒን ነው የዋጥኩት። ሦስቱንም አንድ ላይ፣ ምሳዬን እንደበላሁ። አስፕሪኑንም ጨምሬ።»

«አንድ ላይ? ለምን?»

«ከምግብ በኋላ ይላላ። ምግብ የሚገባልን በቀን አንዴ ነው።»

ምሳ ዕቃውን በየቀኑ በስድስት ሰዓት የማቀብለው እኔ ነኝ። አንዴ እንደሚገባ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ሐኪሙ ሰገራው ጠቁሮ እንደሆነ ጠየቀው። ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ለማንም አልተናገረም። ያኔ ሐኪሙ ወደኔ ዞረ። «ይህ መድኃኒት ጨጓራ እንደሚያደማ፣ በየሰዓቱ ተከፋፍሎ እንጂ አንድ ላይ እንደማይዋጥ፣ ከአስፕሪን ጋር እንደማይሰጥ፣ ሰገራ ሲጠቁር እንደሚቆም አታውቅም?»

«አውቃለሁ» አልኩ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ደሜን ሰጠሁት፤ ተረፈ። በእግሩ መቆም ሲጀምር መልሰው ቀበሌ አስገቡት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠባቂው ክሊኒክ መጣ። መንጋጋው አብጦ አንድ ዓይኑን ሊደፍነው ደርሷል። ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ገመዱ ትዝ አለኝና ተውኩት።

«የሕመም ክኒን ስጠኝ» አለ።

«ምግብ ቀምሰሃል?»

«በምን አኝኬ?»

ጓዳ ገብቼ አጥሚት በኩባያ አመጣሁለትና እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ክኒኖቹን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ አስረዳሁት፦ አንዱን አሁን፣ አንዱን ማታ እራት በልተህ፣ አንዱን ጠዋት ቁርስ በልተህ። ሌላ ክኒን አትደባልቅበት። ሆድህን ካቃጠለህ ወይም ሰገራህ ከጠቆረ ተወውና ወደኔ ና። ድገምልኝ አልኩት፤ እያንዳንዱን ደገመልኝ።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ለአስተማሪው ለምን እንዲህ አላልከውም? ብትነግረኝ እኔ እነግረው ነበር።»