ፈላና በርና የአትክልት ቦታው በር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባጃጅ ሐረር ከገባ በኋላ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ከጀጎል ውጭ ባለ አንድ ሆቴል ዘበኛ ነበርኩ። አስጎብኚው ሥራ ለቆ ሲሄድ፣ አማርኛ ተናጋሪ እንግዶችን እኔ እንዳዞር ተደረገ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የተወለድኩት ግን ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ነው፤ ሰፈሩን እግሬ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ቀን እንግዳዬ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ሐረር ተመድበው አስተምረዋል፣ እዚሁም አግብተዋል። አሁን ባለቤታቸው ሞተዋል፤ የእሳቸውም ዓይን ጠፍቷል።

«ፈላና በርን አንዴ ልዳስሰውና ልመለስ» አሉኝ። «እሷን የምጠብቃት እዚያ ቆሜ ነበር። ከእንግዲህ የምመጣ አይመስለኝም።»

ጨነቀኝ። በሩ ለጥገና በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ሰው አያስገቡም። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት።

«ታዲያ የእኛው በር አለ አይደል እንዴ!» አለኝ። አትክልት ቦታው ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ የፈላና በር አምሳያ አለን፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። «ጋሽ ታደሰ፣ ሰውየው አያዩም። ይዳስሱት፣ ደስ ብሏቸው ይሂዱ። እንግዳ ቅር አሰኝተህ ከመለስክ ግን ነገ ወደ ዘበኝነትህ ነው።»

እጃቸውን ይዤ ወደ አትክልት ቦታው ወሰድኳቸው። እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈላና በር አይደለም። ሆቴሉ ያሠራው አምሳያው ነው። ዋናው እየታደሰ ነው፣ አያስገቡም።»

እሳቸው ግን ዳሰሱት። ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብለው።

«የሠራው ሰው እጁ ይባረክ» አሉ። «እኔ ግን እዚህ ማንንም አልጠበቅኩም። አጥሩ ድረስም ቢሆን ውሰደኝ።»

በባጃጅ ሄድን። አጥሩ ጋ ስንደርስ አንድ ግንበኛ ከመወጣጫው እንጨት ላይ ሆኖ ጮኸብን፤ «ዝግ ነው! ድንጋይ ይወርድባችኋል!» በቆርቆሮው ክፍተት ነገሩን ነገርኩት። ከዚያ ቱንቢውን አንጠልጥሎ ወረደና ከፈተልን።

የፈረሰውን የበሩን ጎን ድንጋዮች እንደነበሩበት ተራ መሬት ላይ ደርድሯቸዋል፤ እያንዳንዱ ወደ ቦታው ይመለሳልና። ግንቡ ደረት ላይ ደርሷል።

«የት ጋ ነበር የሚቆሙት፣ መምህር?» አላቸው።

«ከውጭ፣ በስተቀኝ። ትከሻዬን አስደግፌ።»

ግንበኛው የትከሻቸውን ቁመት በዓይኑ ለካና ከተደረደሩት አንዱን አነሳ። መምህሩን የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጦ ድንጋዩን ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። እያገላበጡ ዳሰሱት። አንደኛው ፊቱ ልስልስ ያለ ነበር።

«ሁልጊዜ ታረፍድ ነበር» አሉ መምህሩ። «ያለሰለስኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«ወላሂ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለ ግንበኛው። «የሰፈሩ አህያ ሁሉ ጎኑን ሲያሽበት ኖሯል።»

መምህሩ ሳቁ። ከዚያ ድንጋዩን አቅፈው ቆዩ። እንባቸውን አልጠረጉም። ግንበኛው ጭቃው እየደረቀበት ቆሞ ጠበቃቸው።

«ኑ፣ አብረን እንመልሰው» አለ በመጨረሻ። ክርናቸውን ይዞ ወደ ግንቡ አቀረባቸው። እሱ «ቢስሚላህ» አለ፣ እሳቸው «በስመ አብ» አሉ። አራት እጅ ሆነው ድንጋዩን ጭቃው ላይ አሳረፉት።

ሆቴል ስንመለስ ሥራ አስኪያጁ የመምህሩን ጭቃ የነካ እጅ አየ፣ እኔን አየ። «ውሃ አምጣላቸው» አለኝ። «ይቆይ» አሉ መምህሩ። በማግስቱም እንግዳ አዞርኩ።

ጡረታ እስክወጣ አሮጌውን አሮጌ፣ አዲሱን አዲስ እያልኩ አሳየሁ። አስጎብኚ የሚያሳየው ነገር ምን እንደሆነ መናገር አለበት። እውነቱን መናገሬ ብቻውን ግን ያን ቀን መምህሩን ባዶ እጃቸውን ይመልሳቸው ነበር። ከመወጣጫው ወርዶ የከፈተልን ግንበኛ አብዶሽ ይባላል።