ሁልካርና ሃያ ስምንቱ በራዶች

ሁልካር ስድስት ዓመት ሲሞላት መሮጥ አቆመች። እናቷ መጀመሪያ ስንፍና መስሏት ነበር። አንድ ቀን ግን ልጅቷ ከወለሉ ላይ ማንኪያ ለማንሣት እንደ አሮጊት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ ቀስ ብላ ስትንበረከክ አየቻትና አዝላት ወደ ኑራታ ከተማ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ ቲቢ አከርካሪዋ ውስጥ መግባቱን ነገራት። በዚያው ሳምንት ተራራ ሥር ወዳለ የልጆች ማገገሚያ ወሰዷት። በጀርባዋ ልክ በተሠራ የጀሶ አልጋ ላይ አስተኝተው በፋሻ አሰሯት። እንደዚያ ታስራ ዐሥራ ስድስት ወር ተኛች።

እናቷ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ዘቢብና ክብ ዳቦ ይዛ በአውቶቡስ ትመጣ ነበር። በክፍሉ ዐሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። የጽዳት ሠራተኛዋ በምራቅ ሲነካ ሰማያዊ የሚጽፍ የእርሳስ ቁራጭ ሰጠቻት። ሁልካር ራሷን ቀና ማድረግ አትችልም፤ ስለዚህ እጇ በሚደርስበት ሁሉ በአልጋዋ ጎንና ጎን ላይ ሳታይ ትሥል ነበር። ከጀሶው ያወጧት ቀን አልጋውን አዙረው ያሳዩአት ዘንድ ለመነች። ፈረስ ነው ብላ የሣለችው አንገቱ አንድ ቦታ፣ እግሮቹ ሌላ ቦታ ነበሩ። እስኪደክማት ሳቀች፤ ነርሷም አብራት ሳቀች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

እኔ ኖርማት እባላለሁ። በኦክቴፓ ሠፈር ትምህርት ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ሥዕል አስተምሬአለሁ። ከዚያ በፊት የእርሻ ማኅበሩ ጸሐፊ ቃሉን እየነገረኝ መፈክር የምጽፍና በትራክተር ላይ ቁጥር የምቀባ ሰው ነበርኩ። ትምህርቴን በልጅነቴ ስላቋረጥኩ ማንበብን በደንብ የያዝኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ሥዕልንም ከመጻሕፍት ብቻዬን ተማርኩ። በአርባ አንድ ዓመቴ የመምህርነት ፈተናውን አለፍኩ። ስለዚህ የልጆቼ ሥራ እንከን እንዲወጣለት አልወድም ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ በራድ እሥላለሁ፤ መጀመሪያ ሆዱን፣ ከዚያ አፉን፣ ከዚያ እጀታውን፣ በመጨረሻም በስተቀኝ የሚወድቀውን ጥላ። ልጆቹ እየተከተሉ ይሥላሉ። እኔም እርሳስ ይዤ በመደዳው እዞራለሁ፤ የተጣመመውን አቀናለሁ። ከክፍሌ የተጣመመ በራድ ወጥቶ አያውቅም።

ሁልካር በዘጠኝ ዓመቷ በጀርባ መደገፊያ ቀጥ ብላ እኔ ክፍል ገባች። ከሁሉ የተሻለች ተማሪዬ ነበረች ብል ውሸት ይሆናል። ከሁሉ የበለጠች ጠያቂ ግን ነበረች።

አድጋ እሷም የሥዕል መምህርት ሆነች። የመብራት ሠራተኛ የሆነውን ኢስሎምን አገባች፤ ሁለት ልጆች ወለደች፤ በሌላ ሠፈር ዐሥራ አንድ ዓመት አስተማረች። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ከነከናት። የአንደኛ ክፍል ልጆች አርባ ሆነው አርባ ዓይነት ቤት ይሥላሉ፤ እነዚያው ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ ቤት ብቻ ይሥላሉ። ይህ ለምን እንደሚሆን ለማጥናት በሠላሳ ሦስት ዓመቷ በከተማው የመምህራን ተቋም የከፍተኛ ትምህርት ጀመረች። አማቷ ለጎረቤት ሁሉ፣ «የልጅ ጭረት ላይ ሁለት መቶ ገጽ ልትጽፍ ነው አሉ፤ እኛ ዘንድ በነጻ ግድግዳ ላይ ሞልቶ የለ!» እያለች ታሾፍ ነበር። ቢሆንም የልጅ ልጆቿን ያሳደገችላት ያችው አማቷ ናት።

ሁልካር ያሰበችውን ዘዴ ያገኘችው ከሠፈራችን ሴቶች ነው። ለሙሽራ የሚጠለፈው ትልቅ ጨርቅ፣ ሱዛኒ የምንለው፣ እዚህ በአንድ ሰው እጅ አይጠለፍም። ጠባብ ጠባብ ጨርቆች ለጊዜው ይያያዙና ንድፍ የምታወጣ አሮጊት አበባውን ትነድፍባቸዋለች። ከዚያ ተፈትተው ለእናት፣ ለአክስት፣ ለእህት ይከፋፈላሉ። እያንዳንዷ በቤቷ ጠልፋ ስትጨርስ መልሰው ይሰፏቸዋል። አበባው መገጣጠሚያው ላይ ፈጽሞ አይገጥምም፤ የአክስትየው ግማሽ ቀላ ይላል፣ የእህትየው ግማሽ ሰፋ ይላል። ማንም ግን አይተረትረውም። ሁልካር ይህንኑ ወደ ክፍል አመጣችው። ልጆቹ በየተቀመጡበት ሆነው አንድን ነገር በጠባብ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፤ ወረቀቶቹ ይገጣጠማሉ፤ ባልገጠመው ቦታ ላይ ሁለቱ ጎረቤቶች ያዩትን ይነጋገራሉ። መምህሩ ማንንም አያርምም።

ዘዴው መሥራቱን ለማየት ሁለት ክፍል ያስፈልጋታል፤ አንዱ በእሷ መንገድ፣ ሌላው በተለመደው መንገድ የሚማር። የተለመደውን መንገድ የሚያስተምርላት ሰው ስትፈልግ ወደ እኔ መጣች። ደስ አለኝ። አምስተኛ ክፍል «ሀ»ን እኔ፣ አምስተኛ ክፍል «ለ»ን እሷ ይዘን አንድ ዓመት አስተማርን። በግንቦት መጨረሻ ለሁለቱም አንድ ፈተና ሰጠን። ጠረጴዛ መሐል ክፍሉ ላይ ተደርጎ በላዩ በራድ፣ ሁለት ኩባያና አንድ ሐብሐብ ተቀመጠ፤ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ሣሉ። እሷ የ«ለ»ን ወረቀቶች ይዛ ሄደች። የኔ ልጆች ስለዘገዩ፣ ነገ ጠዋት አመጣልሻለሁ አልኳት። አመነችኝ።

የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ። ሃያ ስምንቱን ወረቀት ቤቴ ወስጄ አየኋቸው። ከከተማ ሦስት ዳኞች ሊያዩአቸው ነው። የአንዱ በራድ ሆዱ ጎብጧል፣ የሌላዋ ኩባያ ወድቋል። እኛ ዘንድ ጎብኚ ሲመጣ ትምህርቱ አስቀድሞ ልምምድ ይደረግበታል፤ ደብተሩ ይጸዳል፤ ይህን የማያደርግ መምህር ተማሪዎቹን የማይወድ ነው ይባላል። እርሳሴን ቀረጽኩና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አቃናሁላቸው። ባለቤቴ ሳፉራ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ «ፈተናውን የሚፈተኑት ልጆቹ ናቸው ወይስ አንተ?» አለችኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ዳኞቹ የትኛው ወረቀት የየትኛው ክፍል እንደሆነ ሳያውቁ ነጥብ ሰጡ። የኔ ክፍል በብዙ በለጠ። በቁጥሩ መሠረት የሁልካር ዘዴ ምንም አይረባም ማለት ነው። የሦስት ዓመት ድካሟ በዚያ አንድ ሠንጠረዥ አለቀ።

ከሳምንት በኋላ ቤቴ መጣች። ጀርባዋ ሲያማት እንደምታደርገው ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ወረቀቶቹን ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸውና ታያቸው ጀመር። እኔም አየሁ። መስኮቶቹ በክፍሉ በአንድ ወገን ብቻ ናቸው፤ ልጆቹ ግን ዙሪያውን ነበር የተቀመጡት። የአንዱ ጥላ ወደ ቀኝ ቢወድቅ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ልጅ ጥላ ወደ ግራ መውደቅ አለበት። በሃያ ስምንቱም ወረቀት ጥላው ወደ ቀኝ ነበር።

«ይቺን ጥላ አውቃታለሁ፣ ኡስቶዝ» አለች፤ መምህሬ ማለቷ ነው። «የኔም ደብተር ላይ አለች።»

«እና አጭበርብረዋል ልትይኝ ነው?»

«አላልኩም።»

«እንግዳ ሲመጣ የልጅሽን ፊት አታጥቢም? እኔም ፊታቸውን ነው ያጠብኩት።»

«ታጥቦ ቢሆንማ ጥሩ ነበር» አለች። «ግን ሲወጡ ሁሉም የእርስዎን ፊት ይዘው ወጡ።»

የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ይገኙ እንደሆን ጠየቀችኝ። የለም፤ በላያቸው ላይ ነው የሠራሁት፣ የቀረውንም በላጲስ አጥፍቼዋለሁ። ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት በእሷ መስሎኝ ነበር።

ጥናቷን የምትመራው ፕሮፌሰር ማቭጁዳ መንገዱ አንድ ብቻ ነው እንዳለቻት ነገረችኝ። መምህሩ ወረቀቶቹን ነክቷል ብላ ትጻፍ፤ የኔ ክፍል ውጤት ይሰረዝ። ያን ጊዜ ግን ጽሑፉ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። በዚያው መጸው ሰባ ዓመት ይሞላኛል፤ የክብር ምልክት ሊሰጠኝ ስሜ ተልኳል። ሁልካር ይህን ታውቃለች።

«ስምዎን አልጽፍም» አለች ስትነሣ። «ወረቀቱን ለእርስዎ ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ዓመቱን ሌላ ቦታ እደግመዋለሁ።»

ሌላ ዓመት ማለት ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነው፤ ለሷ ጀርባ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን አምስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ነው። ሸኘኋት እንጂ ተይው አላልኳትም። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ቆየሁ። ሳፉራም ወትሮ የማትለቀኝ ሴትዮ በዚያ ሰሞን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ከሁሉ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

በሰኔ ሁልካር ሥራዋን በትምህርት ክፍሉ ፊት የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። የበዓል ካባዬን ለብሼ፣ ቆቤን ደፍቼ በማለዳው አውቶቡስ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። አላየችኝም። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ሁልካር ቆማ፣ የማነጻጸሪያው ክፍል ወረቀቶች በአያያዝ ጉድለት ምክንያት ለምዘና እንደማይሆኑ፣ ጉድለቱም የራሷ እንደሆነ አነበበች። አንድ ወጣት መምህር፣ «ምን ዓይነት ጉድለት? ውኃ ፈሰሰባቸው?» ብሎ ጠየቀ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፈች።

ተነሣሁ።

«ውኃ አይደለም፤ እኔ ነኝ የፈሰስኩባቸው» አልኩ። «ኖርማት እባላለሁ፤ የክፍሉ መምህር ነኝ። ሃያ ስምንቱም ላይ ያለው የኔ እጅ ነው። ይቺ ልጅ እኔን ላለማዋረድ ብላ በራሷ ላይ ትመሰክራለች። እኔ ተማሪዬን አላስዋሽም።»

ፕሮፌሰር ማቭጁዳ መነጽሯን አወለቀች። ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ የነካሁትን አንድ በአንድ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ይህን አቀናሁ፣ ያን አጠፋሁ፣ ጥላውን ጨመርኩ እያልኩ አንድ ሰዓት ያህል አስረዳኋት። ያ ወጣት መምህር ሳይጠየቅ ይጽፍ ነበር። በመጨረሻ ፕሮፌሰሯ ወደ ሁልካር ዞራ፣ «ልጄ፣ የትኛው ዘዴ ይበልጣል የሚለውን ለጊዜው አቆዪው። ያራሚው እጅ ምን እንደሚሠራ በሃያ ስምንት ወረቀት የሚመሰክር ሰው ከየት ታገኛለሽ?» አለች። ወደ እኔም አየችና፣ እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ፣ «ኖርማት አካ፣ አንድ ምዕራፍ አፍርሰው አንድ ምዕራፍ ሰጡ» አለችኝ።

ዓመቱ ከመደገም አልዳነም። ግን ሌላ ቦታ መሄድ አላስፈለጋትም፤ እዚሁ እኛ ትምህርት ቤት፣ አዲስ በገቡት የአምስተኛ ክፍል ልጆች፣ እኔው የተለመደውን መንገድ እያስተማርኩላት ተደገመ። አንድ ነገር ብቻ ተከልክዬ ነበር፤ የልጅ ወረቀት መንካት። ቀላል መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ተያዝኩ። ከዚያ በኋላ በቀኝ እጄ ሻይ የሞላ ኩባያ ይዤ በመደዳው እዞር ጀመር። ልጆቹ፣ «ኡስቶዝ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ፣ ይጠጡት እንጂ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ብጠጣው እጄ ባዶ እንደሚሆን ያውቃሉ።

ውጤቱ እንደ ተረት አልሆነም። ልጆቹ ከተቀመጡበት ቦታ ያዩትን በመሣል የሁልካር ክፍል በለጠ፤ በጥላና በቅርጽ የኔ ክፍል በጥቂቱ በለጠ። ሁለቱንም እንዳሉ ጻፈች። በቀጣዩ ዓመት የካቲት በጉባኤው ፊት ቆማ ማዕረጉን ተቀበለች። ኢስሎም በዐሥራ አምስት ኪሎ ሩዝ ፕሎቭ የሚባለውን የድግስ ምግብ አሠርቶ ምሁራኑንና የሠፈሩን ሰው አበላ። አማቷ ለዶክተሮቹ ሁሉ፣ «ሁለት መቶ ገጽ ነው ብያችሁ ነበር እኮ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሆነ» ትል ነበር፤ ራሷ የጻፈችው ይመስል።

የክብር ምልክቱ በዚያ መጸው አልመጣም። በኋላም አልመጣም።

ሁልካር አሁን ለገጠር የሥዕል መምህራን ሥልጠና ትሰጣለች። ጀርባዋ ብሶባታል፤ ቆማ ስለማትችል ከፍ ያለ ወንበር ይሰጧታል። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ከደከምሽበት ሁሉ የሚበልጥብሽ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። የማዕረጉን ቀን ትነግረኛለች ብዬ ነበር። ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለችኝ፦

«ኡስቶዝ፣ ሁለት መቶውን ገጽ ለጉባኤው ነው የጻፍኩት። ለኔ የቀረልኝ ትንሽ ነገር ነው። ልጅ ሥራውን ይዞ ሲመጣ፣ ጎበዝም አይባልም፣ ተሳስተሃልም አይባልም። መጀመሪያ ዝም ብሎ ማየት ነው። ዝምታው ይከብዳል፤ እኔም እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ከዚያ፣ የት ተቀምጠህ ነው ያየኸው ብሎ መጠየቅ። ልጁ ቦታውን ሲነግረኝ ግማሹ ስሕተት ስሕተት አይደለም። ሌላውን ግማሽ ራሱ ያየዋል። እኔን እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስኪመጣ ብዙ ዓመት ጠብቄአለሁ። እነሱ እንዲጠብቁ አልፈልግም። ይኸው ነው፤ እንዳለ ይጻፉት፣ አያቃኑት።»