ሳይጎተት የወጣው ፀጉር

ሚጢጢ የሚሏት ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነው፤ ሁለት ልጆች ወልዳም ስሙ አልለቀቃትም። ታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት አላት። ሚጢጢ ደግሞ እዚያው፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የማይፈለግ ፀጉር በኤሌክትሪክ መርፌ ከነሥሩ ታጠፋለች። መርፌው ፀጉሩ በበቀለባት ቀዳዳ ይገባል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ ሥሩ ይሞታል፣ ፀጉሩ በወረንጦ ይነሳል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሚጢጢም አጭር ሥልጠና ወስዳ ስትጀምር ቀላል መስሏት ነበር።

ከደንበኞቿ አንዷ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። አገጯ ላይ ጠንካራ ጠንካራ ፀጉር ይበቅልባታል። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ስለምትቆም ጭምብል ከፊቷ አይወርድም። መድኃኒት ሊገዙ የሚመጡት ሁሉ፣ "ይሄ ጉንፋን ዛሬም አልለቀቀሽም?" ይሏታል።

ሚጢጢ አዘነችላትና ቶሎ ልገላግላት ብላ የማሽኑን ኃይል ከፍ አደረገችው። ሴትየዋ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። በሳምንቱ ተመልሳ ጭምብሉን ዝቅ ስታደርግ ግን አገጯ ቅርፊት በቅርፊት ሆኗል። በቅርፊቱ መሃል ደግሞ ያው ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል።

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

"እህቴ፣ ፀጉሩ ይሻለኝ ነበር" ብላ ወጣች።

ሚጢጢ ማሽኑ ላይ ጨርቅ ጣለችበት። ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አላት። እህቷ አየቻት፣ አየቻትና፦

"በቃ! ወይ ሽጪው፣ ወይ ከሚያውቅ ሰው ተማሪ። እንዲህ ተኮራምተሽ ደንበኞቼን አታስደንብሪብኝ" አለቻት። ራሷም ጠያይቃ ከከተማው ማዶ በዚሁ ሥራ ያረጁ ሴት አገኘችላት። ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል።

ሚጢጢ ማሽኑን ተሸክማ ሄደች። "ተበላሽቷል ባሉኝ" እያለች ስትመኝ ነበር። እትዬ ሰክተው፣ ነካክተው፣ "ማሽንሽ ጤነኛ ነው" አሏት። ፊቷ ዳመነ።

"ምነው? እጅ እኮ ይታረማል። ለመሆኑ አንቺ ተወግተሽ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ አላውቅም።"

"በይ ጋደም በይ።"

በራሷ ቀጭን መርፌ፣ እሷ በለመደችው ኃይል፣ እግሯ ላይ አንድ ፀጉር ሥር ወጓት። ሚጢጢ ከአልጋው ዘላ ልትወርድ ምንም አልቀራት። ቀጥለው ወፈር ያለ መርፌ አወጡ።

"እትዬ! ጭራሽ በወፍራሙ?"

"ዝም በይ።"

ኃይሉን ዝቅ አደረጉት። ሞቅ ያለ ነገር ተሰማትና ጠፋ። መቼ ይወጉኝ ይሆን ብላ ቀና ስትል ፀጉሩ በወረንጧቸው ጫፍ ላይ ነው።

"ቀጭኑ የሚራራ ይመስላል፤ ግን ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ያጠራቅመዋል" አሏት። "መርፌሽ የፀጉሩን ውፍረት ይምሰል። ደግሞም ፀጉር ጋደል ብሎ ነው የሚበቅለው፤ አንቺ ቀጥ አድርገሽ ስትወጊ ጎኑን ትበሺዋለሽ። አካሄዱን ተከተዪ። አልገባም ካለሽ አትግፊ፤ አውጥተሽ እንደገና ሞክሪ። ሥሩ ጋ ሳትደርሺ ፔዳሉን ከረገጥሽ የምታቃጥዪው ቆዳውን ነው።"

"መድረሴን በምን አውቃለሁ?"

"ፀጉሩ ይነግርሻል። ሥሩ ከሞተ ሳያንገራግር ተንሸራቶ ይወጣል። ከጎተትሽው ነቀልሽው እንጂ አላጠፋሽውም።"

እየተመላለሰች ተማረች። እትዬ በርጩማዋን ከፍ አደረጉላት፣ ክንዷን ትራስ ላይ አስደገፏት፣ አንዱን ፀጉር አጥፍታ አጠገቡ ያለውን ሳትነካ ራቅ ብላ እንድትቀጥል፣ ቆዳውም እንዲያርፍ አስለመዷት። ቤቷ ስትገባ ኤሌክትሪኩን ሳትለቅ በገዛ እግሯ ላይ መርፌ ማስገባት ትለማመዳለች። ባሏ ይህን አይቶ፣ "የራስሽን ጨርሰሽ ወደ እኔ እንዳትመጪ!" ብሎ ረጅም ሱሪውን ለበሰ።

የመጀመሪያዋ ደፋር ከከንፈሯ በላይ ፀጉር ያላት እህቷ ሆነች። "ከንፈሬ ቢያብጥ በመቀስ ነው የማባርርሽ" ብላ ተጋደመች። ትንሽ ቆይታ አንኮራፋች።

ከንፈሯ ጥርት ማለቱን ስታይም ለማንም ሳትነግር መድኃኒት ቤት ሄዳ፣ ባንኮኒው ላይ ዘንበል ብላ ከንፈሯን ለዚያችው ሴት አሳየች። ሴትየዋ በእረፍቷ ቀን መጣች።

"ትንሽ ብቻ ሞክሪ። ካመመኝ እነሳለሁ" አለች፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ።

ሚጢጢ መብራቱን አስጠጋች፣ በማጉያ መነጽር አየች፣ መርፌ መረጠች፣ የፀጉሩን አካሄድ ተከትላ አስገባች፣ ፔዳሉን ነካ አደረገች። በወረንጦ ያዝ ስታደርገው ፀጉሩ ሳያንገራግር መጣ።

"መቼ ነው የምትጀምሪው?" አለች ሴትየዋ።

"ጀምሬያለሁ።"

ሴትየዋ እጀታውን ለቀቀች።

ያን ሰሞን ሚጢጢ ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። በሦስተኛው ቀን ተደወለ።

"ያን ዕለት ትንሽ ቀልቶ ነበር፤ አሁን ምንም የለም። ብዙ መመላለስ እንዳለብኝ ነግረሽኛል አይደል? ቀጣዩን ቀን ያዢልኝ።"

ሚጢጢ "እሺ፣ እሺ" እያለች ስልኩን ዘጋችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

"ምን ሆንሽ?" እህቷ መጋረጃውን ገለጠች።

"ደህና ናት። አገጯ ደህና ነው" አለች፣ እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች። "እህቴ፣ የሚበላ ነገር አለ? ሞቼልሻለሁ በረሃብ።"